የፈረሰኛው ዓይንና የሶፍትዌሩ ስሌት፦ በውርርድ ቤት ማን ያሸንፋል?

ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ደግሞ ከእንጦጦ ባሻገር በጎጃም መንገድ ላይ የሚገኙ፣ አዲስ አበባን የከበቡ ከተሞች ናቸው። ከ2015 ዓ.ም ወዲህ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር የተጠቃለሉት እነዚህ ከተሞች የገጠሩና የከተማው ኑሮ ጎን ለጎን የሚታይባቸው አካባቢዎች ናቸው። ድርቆሽ የጫነ የፈረስ ጋሪ የፋብሪካ ሠራተኞችን ከሚያመላልስ ሰርቪስ ጋር በአንድ መንገድ ይሄዳል። አባት የፈረስን ጥርስ አይቶ ዕድሜውን ይናገራል፤ ልጅ ደግሞ በእጅ ስልኩ የአውሮፓ እግር ኳስ ጨዋታዎችን ውጤት እየገመተ ብር ያስይዛል።

ሁለቱም የሚያደርጉት መገመት ነው። ይሁን እንጂ የአባትየው ግምት በዓይኑ ባየው፣ በእጁ በዳሰሰውና በዕድሜው ባካበተው ዕውቀት ላይ የቆመ ሲሆን፣ የልጁ ግምት የሚፋለመው ከሌላ ሰው ግምት ጋር አይደለም። ከጀርባው ዓመታት የተጠራቀመ መረጃ ያለው፣ ዋጋውን በየሰከንዱ የሚያስተካክል የኮምፒውተር ሶፍትዌር አለ። ሰውና ማሽን በግምት ሲፎካከሩ የሚፈጠረው ነገር ዓለም ቀድሞ በፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ላይ ያየው ጉዳይ ነው። ከዚያ የተገኘው ትምህርት ዛሬ በእነዚህ ከተሞች የውርርድ ቤቶች ውስጥ ለሚፈሰው የቀን ደመወዝና ለሚሸጠው የበሬ ዋጋ ቀጥተኛ መልስ ይሰጣል።

ዓይን የሚያነበው

ኢትዮጵያ ሁለት ሚሊዮን ገደማ ፈረሶች ያሉባት አገር ናት። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የአገር ውስጥ ተመራማሪዎች ጥናት የኢትዮጵያን ፈረሶች በስምንት ዝርያዎች የከፈላቸው ሲሆን፣ ከእነዚህም አንዱ ከሱሉልታ ወደ ፍቼ በሚወስደው መንገድ ያለው አካባቢ መጠሪያ የሆነለት የሰላሌ ፈረስ ነው። በታሪክም ቢሆን መሪዎችና የጦር አለቆች የሚጠሩት በፈረሳቸው ስም ነበር፤ ዳግማዊ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ ጎበና ዳጬ አባ ጥጉ፣ ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ አባ ነፍሶ ተብለዋል። በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር በ1932 ዓ.ም የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን የሚያከብረው ፈረስ በዓድዋ ለዋለው ውለታ መታሰቢያ እንዲሆን ነው። አዲስ አበባ ውስጥም ጃንሜዳ በዘውዱ ዘመን የፈረስ እሽቅድምድም ይካሄድበት ነበር።

ይህ ረጅም ታሪክ የፈረስ ዕውቀትን ከአባት ወደ ልጅ አስተላልፏል። ፈረስ ሊገዛ ገበያ የወጣ አርሶ አደር አስቀድሞ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል። ይህ ልማድ ሳይንሳዊ መሠረት አለው። ፈረስ 5 ዓመት ሲሞላው የፊት ጥርሶቹ በሙሉ በቋሚ ጥርስ ይተካሉ። በ10 ዓመቱ ገደማ በላይኛው የጥግ ጥርስ ላይ ከድዱ ሥር ቦይ መሰል መስመር ብቅ ይላል፤ በ15 ዓመቱ መስመሩ የጥርሱን ግማሽ ይደርሳል፤ በ20 ዓመቱ ደግሞ ጥርሱን ከላይ እስከ ታች ያካልላል። ገዢው ከጥርሱ ቀጥሎ ሰኮናውን ያነሳል፤ ኮርቻ የሚያርፍበትን ጀርባ ቁስል እንዳለው ይዳስሳል፤ ደረቱን ይለካል፤ በሶምሶማ አስሮጦ ያነክስ እንደሆነ ይከታተላል፤ ሲቆም ደግሞ ትንፋሹ በምን ያህል ጊዜ እንደሚመለስ ያዳምጣል።

ይህ ዓይን የራሱ ብርታት አለው። በምንም መዝገብ ላይ ያልሰፈረን ነገር ያያል። ትናንት ማታ ያልበላን ፈረስ፣ ከሕመም በቅርቡ ያገገመን፣ ልጓም የሚፈራን፣ በሕዝብ ጩኸት የሚደነግጥን ይለያል። ድክመቱም እንዲሁ ግልጽ ነው። ዓይን መልክን ይወዳል፤ ጋማው የተበጠረና መረሻቱ ያማረ ፈረስ ከሚገባው በላይ ዋጋ ያወጣል። ትዝታም አድሏዊ ነው፤ ሰው የተሳካለትን ግምት ለዓመታት ሲያወራ ያልተሳካለትን በሳምንት ይረሳዋል። የዓይንን ስህተት የሚያርመው መዝገብ ሲሆን፣ በአገራችን የፈረስ መዝገብ የሚይዝ ሰው እምብዛም አይገኝም።

ክብደት የሚያመዛዝነው ሙያ

ፈረስ እሽቅድምድም እንደ ትልቅ ንግድ በሚካሄድባቸው አገሮች የፈረስን አቅም መገመት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። በእንግሊዝኛ ሀንዲካፒንግ ይባላል። ቃሉ ሁለት ሥራዎችን ይገልጻል። የመጀመሪያው ውድድሩ የተመጣጠነ እንዲሆን ለጠንካራው ፈረስ ተጨማሪ ክብደት፣ ለደካማው ቀላል ክብደት መመደብ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ተወራራጁ የትኛው ፈረስ የማሸነፍ ዕድሉ ምን ያህል እንደሆነ የሚያሰላበት ጥበብ ነው።

በብሪታንያ ክብደት የመመደቡን ሥራ እ.ኤ.አ. በ1855 በይፋ የተረከቡት የባሕር ኃይል መኮንኑ ሄንሪ ሩስ ነበሩ። ሩስ ፈረሶች በዕድሜያቸውና በወቅቱ መሠረት ሊሸከሙት የሚገባውን ክብደት የሚያሳይ ሠንጠረዥ አዘጋጁ። ዛሬም በብሪታንያ ይህን ሥራ የሚሠሩት ሰዎች ናቸው። ኮምፒውተር ውጤቱን ይደረድርላቸዋል፤ የመጨረሻው የደረጃ ነጥብ ግን የሰው ውሳኔ ነው። አንድ የደረጃ ነጥብ ከአንድ ፓውንድ ማለትም ከግማሽ ኪሎ ግራም ትንሽ ከሚያንስ ክብደት ጋር እኩል ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ሙያው ሁሉ በመዝገብ ላይ የቆመ መሆኑ ነው። የእንግሊዝ የእሽቅድምድም ፈረሶች የዘር ሐረግ መዝገብ መታተም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1791 ነው። ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ እያንዳንዱ ፈረስ ከማን እንደተወለደ፣ የት እንደሮጠ፣ ምን ተሸክሞ ስንተኛ እንደወጣ ተጽፏል። ኮምፒውተር ሲመጣ ያገኘው ይህንን የተዘጋጀ ሀብት ነው። መዝገብ የሌለበት ኮምፒውተር ግን እህል የሌለበት ወፍጮ ነው።

የሆንግ ኮንጉ ትምህርት

ሰውና ሶፍትዌር በፈረስ ግምት ያደረጉት ትልቁ ፍልሚያ የተካሄደው በሆንግ ኮንግ ነው። አሜሪካዊው ቢል ቤንተር ከአውስትራሊያዊው አለን ውድስ ጋር ወደዚያች ከተማ የሄደው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ነበር። ቦታው የተመረጠው በምክንያት ነው። በሆንግ ኮንግ ያሉት የውድድር ሜዳዎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ የሚወዳደሩት ፈረሶች ቁጥር የተወሰነ ስለሆነ ያው ፈረሶች ደጋግመው ይገናኛሉ፤ የእያንዳንዱ ፈረስ ሰዓት፣ የተሸከመው ክብደትና የመነሻ መስመሩ ተመዝግቦ ለሕዝብ ይወጣል።

ቤንተር እነዚህን መረጃዎች ወደ ኮምፒውተር አስገብቶ የእያንዳንዱን ፈረስ የማሸነፍ ዕድል በቁጥር የሚያወጣ የስሌት ዘዴ ሠራ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግን የኪሳራ ዓመታት ነበሩ። ማሽኑ ያመነባቸው ፈረሶች በተግባር ማሽኑ የጠበቀውን ያህል አላሸነፉም። መፍትሔው የተገኘው ሶፍትዌሩን ከሕዝቡ ግምት ጋር በማዋሃድ ነበር። ቤንተር እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተመው ጽሑፍ እንዳስረዳው፣ የስሌቱ ግምትና ሕዝቡ በውርርዱ የገለጸው ግምት ሲቀላቀሉ የሚገኘው ውጤት ከሁለቱም ከየብቻቸው የተሻለ ሆነ።

ምክንያቱ የሰበታ ወይም የሱሉልታ ፈረስ ነጋዴ በቀላሉ የሚረዳው ነው። በሜዳው ዙሪያ የቆሙት ሰዎች ፈረሱን በዓይናቸው አይተውታል። ላቡን፣ አረማመዱን፣ ያለመረጋጋቱን ያውቃሉ። ይህ መረጃ በመዝገብ ውስጥ የለም፤ በሕዝቡ ገንዘብ አቀማመጥ ውስጥ ግን ተደብቆ ይገኛል። በአንጻሩ ሕዝቡ በስሜት የሚያጠፋውን ሶፍትዌሩ ያርማል። ለምሳሌ ሰዎች የማሸነፍ ዕድሉ አነስተኛ በሆነ ነገር ግን ብዙ በሚከፍል ፈረስ ላይ ከሚገባው በላይ ገንዘብ እንደሚያስይዙ እ.ኤ.አ. በ1949 የታተመ የሥነ ልቦና ጥናት አሳይቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የተደረጉ በርካታ ጥናቶችም ይህንኑ ዝንባሌ በተለያዩ አገሮች የውድድር ሜዳዎች አይተዋል።

ስለዚህ የፍልሚያው ውጤት «ማሽን ሰውን አሸነፈ» የሚል አይደለም። ያሸነፈው መዝገብ፣ ስሌትና የሰው ዓይን አንድ ላይ የተሰለፉበት ወገን ነው። ተሸናፊው ደግሞ ከእነዚህ አንዱንም በቅጡ ሳይዝ ገንዘቡን ያቀረበው ተራ ተወራራጅ ነው። የቤንተር ትርፍ ከሰማይ የወረደ አልነበረም፤ ሌሎች ተወራራጆች ከከሰሩት ገንዘብ የተገኘ ነው።

የውርርድ ቤቱ ሒሳብ

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የሚገኙ ወጣቶች የሚወራረዱት በአብዛኛው በእግር ኳስ ነው። ብዙዎቹ ኳስን ያውቃሉ፤ የትኛው አጥቂ እንደተጎዳ፣ የትኛው አሠልጣኝ በሜዳው ተከላክሎ እንደሚጫወት በዝርዝር ይናገራሉ። ይህ ዕውቀት እውነተኛ ነው። ችግሩ ዕውቀቱ ዋጋውን ባወጣው ሶፍትዌር ውስጥ አስቀድሞ መግባቱ ነው። ስለ አጥቂው ጉዳት ወጣቱ ከመስማቱ በፊት በተለምዶ ኦድ የሚባለው ማባዣ ቁጥር ተለውጦ ያድራል።

ሒሳቡን በምሳሌ ማየት ይቻላል። ለአንድ ጨዋታ ባለሜዳው ካሸነፈ 2.10፣ አቻ ከወጡ 3.20፣ እንግዳው ካሸነፈ 3.40 የሚከፍል ኦድ ቀርቧል እንበል። አንድ ሰው ውጤቱ ምንም ይሁን ምን 100 ብር እንዲያገኝ በሦስቱም ላይ ቢያስይዝ፣ በባለሜዳው ላይ 47 ብር ከ62 ሳንቲም፣ በአቻው ላይ 31 ብር ከ25 ሳንቲም፣ በእንግዳው ላይ 29 ብር ከ41 ሳንቲም ማውጣት ይኖርበታል። ድምሩ 108 ብር ከ28 ሳንቲም ነው። 100 ብር ለማግኘት 108 ብር ተከፈለ ማለት ነው። ልዩነቱ የአቋማሪው ድርሻ ነው። ይህ ድርሻ በቲኬቱ ላይ ተጽፎ አይታይም፤ በኦዱ ውስጥ ተሸሽጎ ይኖራል። በዚህ ስሌት ተወራራጁ ግምቱ ከዋጋ አውጪው እኩል ቢሆን እንኳ ካስያዘው 100 ብር በአማካይ የሚመለስለት 92 ብር ገደማ ነው።

ጉዳቱ የሚበረታው ብዙ ጨዋታዎች በአንድ ቲኬት ሲጣመሩ ነው። የአቋማሪው ድርሻ እንደ ጨዋታዎቹ ሁሉ እየተባዛ ይሄዳል። በዚያው ምሳሌ አምስት ጨዋታ ያለው ቲኬት ከ100 ብር በአማካይ 67 ብር ይመልሳል፤ አሥር ጨዋታ ያለው ደግሞ 45 ብር ብቻ። በ20 ብር ብዙ ሺህ ብር የሚያስገኘው ቲኬት ማራኪ የሚመስለው ለዚህ ነው፤ ለተወራራጁ እጅግ ውድ፣ ለአቋማሪው ደግሞ እጅግ አትራፊ የሆነውም እርሱ ነው።

የተወራራጁ ችሎታ ቢጨመርስ? ከአሥር ጨዋታ ስድስቱን በትክክል የሚገምት ሰው ጥሩ ኳስ አዋቂ ነው። ይህ ሰው አሥር ጨዋታ ያለበትን ቲኬት ያለ አንዳች ስህተት የማጠናቀቅ ዕድሉ ከ1000 ስድስት ጊዜ ነው። ከአሥር ሰባቱን የሚያውቅ ቢሆን እንኳ ዕድሉ ከ1000 ሃያ ስምንት ጊዜ አይበልጥም። ከአሥሩ ዘጠኙ ሲሳካና በአንዱ ሲወድቅ «ለጥቂት ሳተኝ» የሚል ስሜት ይፈጠራል። በሒሳቡ ግን ለጥቂት መሳትና ከሥሩ መሳት አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ምንም አይከፍሉም። ስሜቱ ግን ሰውየውን በማግሥቱ ወደዚያው ይመልሰዋል።

ደርሶት ያሸነፈ ሰው ቢኖርም ግብር አለበት። በ2008 ዓ.ም የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ከዕድል ሙከራ የተገኘና ከ1000 ብር የሚበልጥ ገቢ 15 በመቶ ግብር እንዲከፈልበት ደንግጓል። የተሸነፈው ገንዘብ ግን ከዚህ ላይ አይቀነስም። መቶ ጊዜ ተሸንፎ አንድ ጊዜ ያሸነፈ ሰው ግብር የሚከፍለው በአንዱ ቀን ነው።

ፈረስ የሌለበት የፈረስ እሽቅድምድም

እስካሁን የተባለው ሁሉ እውነተኛ ጨዋታ ላለበት ውርርድ ነው። አንዳንድ አቋማሪዎች ግን ከእግር ኳሱ ጎን ለጎን ቨርቹዋል የሚባሉ ጨዋታዎችን ያቀርባሉ። በእነዚህ ጨዋታዎች በስክሪን ላይ ፈረሶች ሲጋልቡ ወይም ውሾች ሲሮጡ ይታያል፤ በየጥቂት ደቂቃው አዲስ ውድድር ይጀምራል።

እዚህ ላይ የፈረሰኛው ዓይንም፣ የሒሳብ ሊቁ መዝገብም አንድ ፋይዳ የላቸውም። በስክሪኑ ላይ የሚታየው ፈረስ ጥርስ የለውም፤ ሰኮናው አያምም፤ ትናንት አልሮጠም፤ ነገም አይሮጥም። አሸናፊውን የሚወስነው ያለ ቅደም ተከተል ቁጥር የሚያወጣ ሶፍትዌር ነው፤ ምስሉ ለዚያ ቁጥር የተሰፋ ልብስ ነው። ዳማው ፈረስ ሦስት ጊዜ በተከታታይ መሸነፉ በአራተኛው ተራው እንደደረሰ አያሳይም። ደረቱ ሰፋ ብሎ የተሣለው ፈረስም በዚህ ምክንያት ብልጫ የለውም።

ፈረስ በሚታወቅበት አካባቢ ይህ ጨዋታ የሚያደርሰው መሳሳት ልዩ ነው። ፈረስ ሲያይ ያደገ ሰው የፈረስን ምስል ሲመለከት ዕውቀቱ ይቀሰቀሳል፤ «ይህንንስ አውቀዋለሁ» ይላል። የሚያውቀው ግን ፈረስን ነው፤ ከፊቱ ያለው ደግሞ ሎተሪ ነው። ሎተሪ የሚገዛ ሰው ቢያንስ ዕድሉን እየሞከረ መሆኑን ያውቃል። ሎተሪን በዕውቀት የማሸንፈው ውድድር ነው ብሎ የሚገዛ ሰው ግን ሁለት ጊዜ ይከስራል፤ ገንዘቡንም በራሱ ዕውቀት ላይ የነበረውን እምነትም ያጣል። «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የሚለው የአበው ብሂል በዚህ ቦታ ቃል በቃል ይሠራል።

የሚከፈለው ዋጋ

በእነዚህ ከተሞች ውስጥ የሚገኘው ገንዘብ በላብ የሚገኝ ነው። በአበባ እርሻዎች፣ በጨርቃ ጨርቅና በመጠጥ ፋብሪካዎች፣ በግንባታ ቦታዎችና በድንጋይ ካባዎች የሚሠራ ወጣት የቀን ገቢው ከቤት ኪራይና ከምግብ የሚያልፍ አይደለም። በየቀኑ 50 ብር ለቲኬት የሚያወጣ ሠራተኛ በወር 1500 ብር፣ በዓመት ከ18 ሺህ ብር በላይ ያወጣል። ከላይ በተጠቀሰው የአምስት ጨዋታ ስሌት ከዚህ ውስጥ አንድ ሦስተኛው፣ ማለትም 6 ሺህ ብር ያህሉ በአማካይ አይመለስም። ለአንድ አነስተኛ እርሻ የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ወጪ ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ የሚያውቅ አርሶ አደር የዚህን ቁጥር ክብደት አያጣውም።

የከተማ መስፋፋት ያመጣው ሌላ ስጋትም አለ። መሬታቸው ለልማት የተነሳባቸው አርሶ አደሮች ካሣ ሲከፈላቸው፣ በአንድ ጊዜ በእጃቸው የማያውቁት መጠን ያለው ገንዘብ ይገባል። ይህ ገንዘብ የሚተካው ለትውልድ ያበላ የነበረን መሬት ነው። ከዚያ ላይ ለልጅ የተሰጠው ድርሻ በውርርድ ቢጠፋ የሚጠፋው የአንድ ወር ደመወዝ ሳይሆን መመለሻ የሌለው ጥሪት ነው።

በውርርድ ሥራ ደጋፊዎች በኩል የሚነሱ ሐሳቦችም አሉ። ድርጅቶቹ ለወጣቶች ሥራ እንደፈጠሩ፣ ለመንግሥት ግብር እንደሚከፍሉ፣ ፈቃድ ያለው ውርርድ ሲዘጋ ሰው ወደ ድብቁ እንደሚሄድ ይገልጻሉ። ይህ ክርክር ሙሉ በሙሉ የሚጣል አይደለም። በ2015 ዓ.ም በአዲስ አበባ በርካታ የውርርድ ቤቶች እንዲዘጉ ተደርጎ ነበር። ነገር ግን ዋና ከተማዋና ዙሪያዋ ያሉት ከተሞች በአንድ ታክሲ የሚገናኙ አንድ ገበያ ናቸው፤ በአንዱ የተዘጋ በር በሌላው ሊከፈት ይችላል። ከዚህም በላይ ውርርዱ ወደ እጅ ስልክ ከገባ ወዲህ የሚታሸግ በር የለም። ስለዚህ ማሸግ ብቻውን መልስ አይሆንም፤ ሥራና ግብር መገኘቱም ቢሆን ሒሳቡ ለተወራራጁ ተሸሽጎ እንዲቀር ምክንያት ሊሆን አይገባም።

ምን ሊደረግ ይገባል?

የመጀመሪያው እርምጃ ሒሳቡን ገሃድ ማውጣት ነው። የሸቀጥ ዋጋ በመደብር ውስጥ እንደሚለጠፍ ሁሉ፣ ፈቃድ ሰጪው አካል እያንዳንዱ ቲኬት ከ100 ብር በአማካይ ስንት ብር እንደሚመልስ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ በጉልህ እንዲጻፍበት ማስገደድ ይችላል። በአሥር ጨዋታ ቲኬት ላይ «45 ብር» የሚል ጽሑፍ ያነበበ ሰው ቢወራረድም አውቆ ይወራረዳል። ቨርቹዋል ጨዋታዎችም ስፖርት ሳይሆኑ የዕድል ጨዋታ መሆናቸው በስማቸው ላይ መገለጽ ይኖርበታል።

ሁለተኛው፣ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችን የሚመለከት ነው። የከተማ አስተዳደሩና የየቀበሌው ጸጥታ አካላት በትምህርት ቤቶች አቅራቢያ ያሉትን ቤቶች በቅርብ ሊከታተሉ ይገባል። የሒሳብ መምህራንም ቢሆኑ የዕድል ስሌትን ሲያስተምሩ ምሳሌውን ከውርርድ ቲኬት ቢወስዱ፣ ትምህርቱ ለተማሪው ከመጽሐፉ ይልቅ ይቀርበዋል።

ሦስተኛው የቤተሰብና የማኅበረሰብ ድርሻ ነው። ዕቁብ ትንሽ ገንዘብ በአንድ ጊዜ ትልቅ ሆኖ እንዲገኝ ያደርጋል። ወጣቱን ወደ ውርርድ ቤት የሚስበውም ይኸው ፍላጎት ነው፤ በአንድ ጊዜ ጠቀም ያለ ገንዘብ ማግኘት። ልዩነቱ ዕቁብ ከ100 ብር 100 ብሩን መመለሱ ነው። በፋብሪካና በእርሻ ሥራ ላይ ያሉ ወጣቶች በየሥራ ቦታቸው ዕቁብ እንዲጥሉ ማበረታታት ከምክር በላይ ይሠራል።

አራተኛው ደግሞ ለአርሶ አደሩ ራሱ ነው። ከሆንግ ኮንግ ሜዳ የሚወሰደው ጠቃሚ ትምህርት ውርርድ አይደለም፤ መዝገብ ነው። የፈረስ፣ የላም ወይም የበሬ ባለቤት በአንድ ደብተር ላይ የተወለደበትን ቀን፣ እናትና አባቱን፣ የታመመበትንና የተከተበበትን ጊዜ፣ የወተት መጠኑን ወይም የሥራ ቀኑን ቢጽፍ፣ ዓይኑ የሚረሳውን ደብተሩ ያስታውስለታል። የአፍሪካ ፈረስ በሽታን የመሰለ ገዳይ ደዌ ክትባቱ በቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ተቋም ይመረታል፤ ፈረሱ መቼ እንደተከተበ ካልተመዘገበ ግን ቀጣዩ ክትባት ጊዜው ያልፋል። ሰበታ ላይ የእንስሳት ጤና ምርመራ የሚያደርግ አገራዊ ተቋም መኖሩም ለአካባቢው አርሶ አደር ቅርብ ዕድል ነው፤ ምርመራ የሚጠቅመው ግን የእንስሳውን ታሪክ ይዞ ለመጣ ሰው ይበልጥ ነው።

ኮምፒውተርም ቢሆን ለገጠሩ ባዕድ ሆኖ አይቀርም። ከ2006 ዓ.ም ጀምሮ አርሶ አደሮች በ8028 ነጻ የስልክ መስመር ደውለው በየቋንቋቸው የተቀዳ የግብርና ምክር ሲሰሙ የሚያገለግላቸው በኮምፒውተር የሚመራ ሥርዓት ነው። ምክሩን ያዘጋጁት ግን የግብርና ባለሙያዎች ናቸው፤ በማሳው ላይ ይሠራ አይሠራ የሚፈርደውም አርሶ አደሩ ነው። ይህ የሰው ዳኝነትና የሶፍትዌር ስሌት በአንድ ወገን የተሰለፉበት ምሳሌ ነው። በሱሉልታ ከፍታ ላይ የሚለማመዱ አትሌቶችም ርቀትና ፍጥነት የሚቆጥር ሰዓት በእጃቸው አስረው ይሮጣሉ፤ ማን መቼ ማረፍ እንዳለበት ግን አሠልጣኙ ፊታቸውን አይቶ ይወስናል።

በውርርድ ቤት ውስጥ ያለው አሰላለፍ የተለየ ነው። እዚያ ሶፍትዌሩ የአቋማሪው፣ ዓይኑ የተወራራጁ ነው፤ ዋጋውን የሚያወጣው ደግሞ አንዱ ወገን ብቻ ነው። በገበያ ቀን ፈረስ ሻጩ ዋጋ ሲጠራ ገዢው ጥርሱን አይቶ ይከራከራል፤ ካልተስማማውም ጥሎ ይሄዳል። በኦድ ላይ መከራከር አይቻልም፤ ለተወራራጁ የተተወለት ምርጫ መያዝ ወይም ጥሎ መሄድ ነው። ፈረስ አዋቂ የሆነ ሕዝብ ጥርሱን የማያሳይ ፈረስ እንደማይገዛ ሁሉ፣ ሒሳቡን የማያሳይ ቲኬትንም ጥሎ የመሄድ መብቱ በእጁ ነው።